የገብረ ዮሐንስ ስም ሲጠራ

መምህር ገብረ ዮሐንስ በሰኔ ሞቶ በመጋቢት አሁንም በየጠዋቱ የሰዓት መቆጣጠሪያው ላይ ይፈርም ነበር። የሚፈርምለት ጓደኛው ሰውአገኝ ነው። ፊርማውን ለመልመድ ሁለት ቀን ፈጅቶበታል። በሦስተኛው ቀን እጁ ራሱ ይሄድለት ጀመር፤ አሁን አሁን ከራሱ ፊርማ ይልቅ የሟቹ ይቀናዋል።

ሞቱ የተደበቀ አልነበረም። ከጋሸና ሲመለስ የተሳፈረበት ሚኒባስ ተገልብጦ ነው የሞተው፤ ላሊበላ ውስጥ ቀብሩ ላይ ያልቆመ ሰው አይገኝም። ያስተምርበት የነበረው ኮሌጅ ትምህርት ዘግቶ ተማሪው በሰልፍ ወጥቷል። የኮሌጁ ባለቤት አቶ በለጠ ራሳቸው ቃሬዛውን ከተሸከሙት አንዱ ነበሩ።

ኮሌጁ ያለው አቶ በለጠ ሆቴል ሊሠሩ ጀምረው ባላስጨረሱት ሕንፃ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው። ክፍሎቹ ለመኝታ ታስበው ስለተሠሩ በየጥጉ የመታጠቢያ ቧንቧ ከግድግዳው ወጥቶ ይታያል፤ ተማሪዎች ጃኬታቸውን ይሰቅሉበታል። መግቢያው ላይ ግን የሁለት አገር ባንዲራ ያለበት ትልቅ ሰሌዳ ቆሟል። ኮሌጁ ባሕር ማዶ ካለ አንድ ዩኒቨርሲቲ ጋር በአጋርነት ይሠራል። በቱሪዝምና በቅርስ አስተዳደር የሚመረቅ ተማሪ ዲግሪው ላይ የሁለቱም ማኅተም ያርፍበታል፤ ዓለም ላይ የትም ያሠራዋል ተብሏል። ከሙጃና ከኩልመስክ ወላጅ በሬ እየሸጠ ልጁን ያስገባው ለዚያ ለሁለተኛው ማኅተም ብሎ ነው።

ማኅተሙ ዝም ብሎ አይመጣም። የትምህርት ክፍሉ ሁለተኛ ዲግሪ ያላቸው ቢያንስ ሦስት ቋሚ መምህራን ሊኖሩት ይገባል። ሦስቱ ነበሩ፤ ሰውአገኝ፣ በየአሥራ አምስት ቀኑ ከወልድያ መጥቶ የሁለት ሳምንቱን በሁለት ቀን አስተምሮ የሚመለስ አንድ ሰው፣ እና ገብረ ዮሐንስ። ገብረ ዮሐንስ ሲሞት አቶ በለጠ ማስታወቂያ አወጡ። በሚከፍሉት ደመወዝ ላሊበላ ድረስ የሚመጣ ጠፋ።

«ሰው እስኪገኝ ዝርዝሩ ላይ ይቆይ» አሉ።

እስከ መስከረም ተባለ፤ ከዚያ እስከ ጥር። በየካቲት የአንደኛው መንፈቀ ዓመት ውጤት በገብረ ዮሐንስ ስም ወጣ። የሁለቱ ኮርሶቹ ሞጁል በፎቶ ኮፒ ለተማሪው ታደለ። ፈተናውን ሰውአገኝ አወጣ፣ ሰውአገኝ አረመ፣ በሟቹ ፊርማ ፈረመ። ይህን ሁሉ የሚሠራው የጥራት ማረጋገጫ አስተባባሪ በሚል ሹመት ነው። ሹመቱ በሩ ላይ በሁለት ቋንቋ ተለጥፏል።

የገብረ ዮሐንስ ሚስት እታገኘሁ ነገሩን ያወቀችው በታናሽ እኅቷ በኩል ነው። ባንቺዓለም የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ናት፤ የምትኖረውም እኅቷ ዘንድ ነው። የውጤት ወረቀቷን ጠረጴዛ ላይ ጥላ ስትወጣ እታገኘሁ አንስታ አነበበችው። በማግስቱ፣ አንድ ሰኞ ጠዋት፣ ሰውአገኝ ቢሮ መጣች። ጥቁሯን አላወለቀችም፤ ለሐዘን የተቆረጠ ጠጉሯ ገና እየበቀለ ነው።

«ባሌ ለእኅቴ ቢ ሰጥቷታል» አለች ወረቀቱን ፊቱ አስቀምጣ።

ሰውአገኝ ወረቀቱን አላነሳውም።

«በሕይወት ሳለ ስስታም መምህር ነበር። የገዛ እኅቴን አንድ ጊዜ ጥሏታል። ከሞተ ወዲህ ደግ ሆነ መሰለኝ።»

«እታገኘሁ፣ ተቀመጪ እስቲ።»

«አልቀመጥም፤ ሱቄን ለጎረቤት ትቼ ነው የመጣሁት። ሁለት ነገር ነው የምፈልገው። አንደኛ ዋናውን ዲግሪውን። ሲቀጠር ለማገናዘብ ነው ብላችሁ ወስዳችሁ ሳትመልሱ ቀራችሁ። እናቱ ሙጃ በሄድኩ ቁጥር ይጠይቁኛል፤ ልጃቸው የለፋበትን ወረቀት አንድ ቀን እንኳ በእጃቸው ይዘው አላዩትም። ሁለተኛ ስሙን ከዝርዝራችሁ አውጡልኝ። ሞቶ የለም እንዴ? ይረፍ፣ ተዉት።»

«እውነትሽን ነው።»

«እውነቴን እንደሆነማ አውቃለሁ። መቼ?»

«ዓርብ ገምጋሚዎች ይመጣሉ። እነሱ ይሂዱልንና ወዲያው…»

«የሚፈርምለት አንተ ነህ?»

ሰውአገኝ እጁ ላይ የነበረውን እስክሪብቶ መሳቢያ ውስጥ ከተተው።

«ከሁለታችሁ ጋር ስንት ዓመት ማዕድ ቀርቤያለሁ» አለች። «ሌላ ሰው ቢሆን ይሻለኝ ነበር።»

ከወጣች በኋላ ሰውአገኝ የተሰማውን ኀፍረት ብሎ ሊጠራው ፈልጎ ነበር፤ ኀፍረት ግን አልነበረም። የሌላ ሰው ያልታጠበ ሸሚዝ የለበሰ ያህል ገላው ቀፈፈው።

ከሰዓት በኋላ ምድር ቤት ወረደ። ከሆቴሉ ያለቀው ምግብ ቤቱ ብቻ ነው፣ እሱ ይሠራል፤ አቶ በለጠ ጥግ ላይ ተቀምጠው የጾም በያይነቱ ይበላሉ።

«እታገኘሁ መጥታ ነበር» አለ ሰውአገኝ፤ የፈለገችውንም ነገራቸው።

«ትውሰድ! ማን ከለከላት?» አሉ አቶ በለጠ። «ግን ዓርብ ይለፍ። ዓርብ ዋናውን ማስረጃ ያያሉ። ሰውየውንም ያያሉ።»

«የቱን ሰውዬ?»

«ሸጋው የሚባል ልጅ አለ፣ ወልድያ ሳለሁ አብሮኝ ሆቴል የሠራ። እንግሊዝኛው እንደ ውኃ ነው። ኮትም አለው።»

ሰውአገኝ ቆሞ አያቸው።

«ምን ታየኛለህ? ሦስት ይሁን ያልኩት እኔ ነኝ እንዴ? ከላይ ነው የመጣው። ከላይ ያሉትም ከፈረንጅ ቀድተውት ነው፤ ፈረንጁም ከሌላ ፈረንጅ። አንዳቸውም ላሊበላ መጥተው ሦስተኛ ሰው ፈልገው አያውቁም። መቶ ሰማንያ ልጅ አለኝ። ሁለት ነን ብዬ እውነቱን ልናገር? በሚቀጥለው ቀን መቶ ሰማንያው ሜዳ ላይ ነው። የእሷም እኅት እዚያው ውስጥ ናት።»

«ጋሽ በለጠ፣ ሌላም ችግር አለ። የግምገማው ቅጽ ላይ መምህራኑ ተማሪው ፊት በስም ይጠራሉ ይላል።»

«ይጠሩ። ምን ችግር አለው?»

«የእሱ ስም ሲጠራ ተማሪው ነፍሱን ይማር ይላል።»

አቶ በለጠ የጠቀለሉትን ጉርሻ መልሰው አስቀመጡት። «የትኛው ተማሪ?»

«ሁሉም። ከሰኔ ጀምሮ አንድም ቀን ስሙ ተጠርቶ ሳይባል አልቀረም። እርስዎም ይላሉ።»

«እኔማ ገብረ ዮሐንስን፣ ነፍሱን ይማረውና…» አሉና አፋቸውን ያዙ። ከዚያ ሳቁ፤ ሳቃቸው ከልብ ነበር። «እውነትህን ነው እኮ! በል አለማምዳቸው። አራት ቀን አለህ።»

ማክሰኞ ተማሪዎቹ አዳራሽ ተሰበሰቡ። ሰውአገኝ መድረኩ ላይ ቆሞ የሚሆነውን አስረዳ። ነገሩን የቻለውን ያህል በደረቁ ነገራቸው፤ ለማኅተሙ ነው፣ ለእናንተው ነው፣ አንድ ቀን ነው። ከዚያ ዝርዝሩን አንሥቶ መጥራት ጀመረ። የራሱን ስም ጠራ፤ የወልድያውን ሰው ጠራ። «መምህር ገብረ ዮሐንስ» አለ።

«ነፍሱን ይማር» አለ አዳራሹ በአንድ ድምፅ።

ተሳሳቁ። እሱም ፈገግ ማለት ነበረበት፤ ፈገግ አለ። ሁለተኛ ጠራ። አሁን አንድ አሥር ያህል ድምፅ ከዚህም ከዚያም ተሰማ።

«ቲቸር፣ ዝም ማለት ነውር አይደለም እንዴ?» አለ ከኋላ አንዱ።

«በልባችሁ በሉት።»

«ከንፈራችን ቢንቀሳቀስስ?»

«ከንፈርህን ነክሰህ ያዝ።»

«የምትመጣዋ ፈረንጅ ከንፈር መጠጠ ብላ ብትጽፍብንስ?»

እንደገና ሳቅ ሆነ። ሦስተኛ ሲጠራ አንዲት ልጅ ብቻ አመለጣትና አፏን በነጠላዋ ሸፈነች። በአራተኛው አዳራሹ ጸጥ አለ። መስኮቱ ውጭ ባጃጅ ሲያልፍ ተሰማ።

«አንድ ጊዜ ደግሞ» አለ ሰውአገኝ። ጠራ። ዝም አሉ።

ባንቺዓለም ሦስተኛው መደዳ ላይ ነበረች። መጀመሪያ ሲጠራ ከሁሉም ጋር ነፍሱን ይማር ብላ ነበር። በአምስተኛው ጥፍሯን እያየች ነበር። ሰውአገኝ ከዚያ ሁሉ ወጣት አንድ ሰው ተነሥቶ እምቢ ይለኛል ብሎ ጠብቆ እንደነበር ያወቀው ያን ጊዜ ነው። የሚነሣ የለም። ረቡዕም ሐሙስም ደገሙት፤ አንድም ሰው አልተሳሳተም። እንደዚያ በፍጥነት የተማሩለት ነገር ኖሮ አያውቅም።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ የገብረ ዮሐንስን የግል ማኅደር አወጣ። ጉርድ ፎቶውን በምላጭ አንሥቶ የሸጋውን ለጠፈበት። ቤተ መጻሕፍቱም ሞላ፤ ከሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ በትውስት የመጡ መጻሕፍት የትምህርት ቤቱ ማኅተም ያለበት ገጽ ላይ ነጭ ወረቀት እየተለጠፈባቸው ተደረደሩ። ላጲስና ሙጫ የያዙት የመጨረሻ ዓመት ተማሪዎች ነበሩ። እየዘፈኑ ነበር የሚሠሩት።

ዓርብ ሁለት ገምጋሚዎች መጡ። አንዷ ከአጋሩ ዩኒቨርሲቲ የመጣች ዶክተር ማርግሬት የምትባል ሴት ናት፤ ረጅም፣ ሽበታም፣ ለሁሉም ፈገግ የምትል፣ የሰማችውን ሁሉ በትንሽ ደብተር የምትጽፍ። ሁለተኛው ከአዲስ አበባ የመጡ ዶክተር ወልደ ኪዳን ናቸው፤ የቄስ ልጅ እንደሆኑ ከአነጋገራቸው ያስታውቃል። ሴትዮዋ ማኅደሮቹን አንድ በአንድ አየች። የገብረ ዮሐንስን ዲግሪ ብርሃን ላይ ይዛ ማኅተሙን መረመረች። እውነተኛ ነበር። ከዚያ ማኅደር ውስጥ እውነተኛው እሱ ብቻ ነው።

ከዚያ አዳራሽ ተገባ። ሰውአገኝ ዝርዝሩን ሊያነብ ሲነሣ ሴትዮዋ እጇን ዘረጋች። የኢትዮጵያ ስም መጥራት መለማመድ እንደምትፈልግ በእንግሊዝኛ ተናገረች፤ ተማሪዎቹ አጨበጨቡ። ሰውአገኝ ዝርዝሩን ሰጥቷት ተቀመጠ። የራሱን ስም አጣማ ጠራችው፤ ተነሥቶ እጅ ነሥቶ ተቀመጠ። የወልድያውንም ጠራች።

«ገብራ ዮሃኒስ» አለች።

«አቤት» አለ ሸጋው፣ የኮቱን ቁልፍ እየቆለፈ ተነሥቶ።

«ነፍሱን ይማር» አለ ሰውአገኝ።

ጮክ ብሎ ነበር ያለው፤ ለቅሶ ቤት እንደሚባለው። ሦስት ቀን ሙሉ ሲያለማምድ ጠሪው እሱ ነበር፤ እሱን ያለማመደው ሰው አልነበረም። ስሙ ከሌላ ሰው አፍ ሲወጣ የእሱ አፍ ቀደመው።

«አሜን!» አለ አዳራሹ።

ነፍሱን ይማር እንዳይሉ ነበር የተለማመዱት፤ አሜን እንዳይሉ የነገራቸው የለም። ቃሉ ከሁሉም አፍ አንድ ላይ ወጣና ቆመ። ሸጋው ሳይቀመጥ ቀረ። አቶ በለጠ በር አጠገብ ቆመው ግንባራቸውን በመዳፋቸው ያዙ። ሰውአገኝ ግን፣ ባልጠበቀው ሁኔታ፣ ቀለል አለው። አለቀ ብሎ አሰበ። አሁን ይጠየቃል፣ ይናገራል፣ ያልቃል።

ሴትዮዋ ወደ ዶክተር ወልደ ኪዳን ዞራ ምን እንደተባለ ጠየቀች። ዶክተሩ ሸጋውን ከጫማው እስከ ራሱ አዩት፤ ሰውአገኝን አዩት፤ ጭናቸው ላይ ያለውን ማኅደር ዘጉት። ከዚያ በረጋ እንግሊዝኛ አስረዷት። የአካባቢው ሰው ለሚያከብረው መምህር የሚያቀርበው ምርቃት ነው፣ ከቤተ ክርስቲያን የመጣ ጥንታዊ ልማድ ነው፣ ስሙ ሲጠራ አንዱ ይመርቃል፣ ሌላው አሜን ይላል።

ሴትዮዋ እጇን ደረቷ ላይ አደረገች። ደብተሯን አውጥታ ጻፈች። ከዚያ ሸጋውን በተማሪዎቹ እንዲህ መወደድ ምን ስሜት እንደሚሰጠው ጠየቀችው።

«በጣም ደስ ይላል» አለ ሸጋው በእንግሊዝኛ። «ለረጅም ጊዜ ነው አብረን የኖርነው።»

ተማሪዎቹ አጨበጨቡ። ባንቺዓለምም አጨበጨበች።

ምሳ ሰዓት ሰውአገኝ ዶክተሩን እጅ መታጠቢያው ጋ አገኛቸው። ቧንቧው ውኃ ስለሌለው በጆግ ያስታጥባቸው ጀመር።

«ማን ነበር?» አሉ ዶክተሩ ቀና ሳይሉ።

«ጓደኛዬ።»

«መቼ?»

«ሰኔ ላይ፣ በመኪና አደጋ።»

«ነፍሱን ይማር» አሉ፤ ከልባቸው ነበር። እጃቸውን ሳሙና አስነኩ። «በዓመት ሠላሳ አርባ ኮሌጅ አያለሁ፣ ወንድሜ። ያየሁትን ሁሉ ብጽፍ ያ ሁሉ ልጅ የት ይገባል? ደግሞስ ሌላው ቦታ ከነጭራሹ ያልተወለደ መምህር ነው የሚያሳዩኝ። የእናንተው ቢያንስ በእውነት ያስተማረ ሰው ነው።»

«መናገር ነበረብዎ።»

«አንተስ?» አሉ ፎጣውን እየተቀበሉ። «አንተ ስንት ወር ነበረህ?»

ሰውአገኝ ጆጉን ይዞ ቆመ። ዶክተሩ ሽሮው መልካም እንደሚሸት ተናግረው ገቡ። ቀለል ያለው ነገር ሁሉ መልሶ ከበደው፤ ምሳ ሳይበላ ቀረ።

ሪፖርቱ በሚያዝያ መጀመሪያ መጣ። አቶ በለጠ አሳትመው ለሰውአገኝ ጮክ ብለው አነበቡለት። የአጋርነቱ ፈቃድ ለአራት ዓመት ታድሷል። በመልካም ተሞክሮነትም ተማሪዎች ለመምህራን ያላቸው ጥልቅ ፍቅር፣ በተለይም ለመምህር ገብረ ዮሐንስ፣ ለሌሎች አጋር ተቋማት በአርአያነት ይቀርባል ይላል።

«ነገር ያበላሸህ መስሎኝ ልገድልህ ነበር እኮ!» አሉ አቶ በለጠ። «ለካ ያዳንከን አንተ ነህ።»

«እንግዲህ ስሙን እናውጣ። ለእታገኘሁ ቃል ገብቻለሁ።»

«አብደሃል? በስም የተጠቀሰ ሰው? በሚቀጥለው ዓመት ለሥልጠና ሊጋብዙት ይችላሉ። ሸጋው ፓስፖርት ማውጣት ጀምሯል።» ሳቁ። «ወረቀቱን ስጣት፤ ለእኛ ኮፒው በቂ ነው። ስሙ ግን አራት ዓመት የትም አይሄድም።»

ሰውአገኝ ቢሮው ገብቶ በሩን ዘጋ። የኮሌጁ አርማ ባለበት ወረቀት ላይ በራሱ እጅ አንድ ደብዳቤ ጻፈ። መምህር ገብረ ዮሐንስ ሰኔ አሥራ አንድ ቀን ሁለት ሺህ ሦስት ዓመተ ምሕረት ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተዋል፤ ከዚያ ቀን በኋላ በስማቸው የተሰጠ ውጤትም ሆነ የተፈረመ ሰነድ የእሳቸው አይደለም፤ የፈረምኩት እኔ ነኝ። ስሙን ጻፈ፣ ፈረመ። የኮሌጁ ማኅተም የሚቀመጠው እሱ መሳቢያ ውስጥ ስለሆነ አውጥቶ መታበት።

ቅዳሜ ረፋድ ላይ ዲግሪውንና ደብዳቤውን ይዞ እታገኘሁ ሱቅ ሄደ። ሱቋ ወደ አብያተ ክርስቲያናቱ በሚያወርደው መንገድ ዳር ነው፤ የእጅ መስቀልና የተሠፋ ሙዳይ ትሸጣለች። ባንቺዓለም ከጀርባ ተቀምጣ ሙዳዮቹን አቧራ ታራግፋለች።

እታገኘሁ ዲግሪውን ተቀብላ በቀሚሷ ጠረገችው። የሚጠረግ ነገር አልነበረበትም። ከዚያ ደብዳቤውን ቆማ አነበበች፤ ሁለት ጊዜ አነበበችው።

«ይህን ለማን ነው የምሰጠው?»

«ለፈለግሽው። አድራሻቸውን ከጀርባው ጽፌልሻለሁ፤ የአዲስ አበባውንም፣ የውጭውንም። ከጠየቁኝ አልክድም።»

«ከሥራ ያባርሩሃል።»

«ያባርሩኛል።»

ከሰኔ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ በደንብ አየችው። «አብሽር» አለች ቀስ ብላ። «ከልብህ ከሆነ እሱም ይቅር ይልሃል።»

ባንቺዓለም ተነሥታ በእኅቷ ትከሻ ላይ አንብባ ኖሯል። «ይህ ከሄደ ማኅተሙ ይቀራል አይደል፣ ቲቸር?»

«ይቀራል።»

«የእኛም?»

«የሁላችሁም።»

«ምረቃችን ሐምሌ ሰባት ነው» አለች። ለማን እንደምትናገር አልታወቀም። «አራት ዓመት ነው የተማርኩት። አባባ ሁለት በሬ ሸጠዋል። እኔ ነኝ የገደልኩት?»

«አፍሽን ዝጊ!» አለች እታገኘሁ።

«ቢዘጋ ማንን ይጠቅማል ብዬ ነው። እሱ አይመለስ። እኔ ኩልመስክ ተመልሼ ምን ልሁን? አንቺስ ምን ልትሆኚ?»

«አዳራሽ ውስጥ ስሙ ሲጠራ ምን አልሽ?»

«አሜን ብያለሁ።»

«ሰውየው ሲነሣስ? የባሌን ስም ይዞ ያ ኮት የለበሰው ሲቆምስ?»

ባንቺዓለም አቧራ መጥረጊያውን አንሥታ አንዱን ሙዳይ ደጋግማ ጠረገችው፤ ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል።

እታገኘሁ ጀርባዋን አየች። መንገዱ ላይ አስጎብኚ የሚመራቸው ቱሪስቶች እየወረዱ ነበር። ደብዳቤውን ለሁለት አጠፈችው፤ ከዚያ ለአራት። ከባንኮኒው ሥር ቁልፍ ያለው ሣጥን አወጣች። ሰውአገኝ ዲግሪውን ልታስቀምጥ መስሎት ነበር። እሷ ደብዳቤውን ከተተችና ቆለፈችው።

«እስከ ሐምሌ ይቆይ» አለች።

«እታገኘሁ፣ በሐምሌ የሚመረቁ አሉ፤ በሚቀጥለው ሐምሌም አሉ። በየዓመቱ የአንዱ እኅት አለች።»

«አውቃለሁ» አለች። ቅድም ፊቷ ላይ የነበረው ርኅራኄ ጠፍቶ ነበር፤ ሰውአገኝን የምታየው እንደማንኛውም መንገደኛ ነው። «በቃ አሁን ሂድልኝ።»

አስጎብኚው እንግዶቹን ይዞ በሩ ላይ ደረሰ። እታገኘሁ ነጠላዋን አስተካክላ በእንግሊዝኛ እንኳን ደህና መጣችሁ አለቻቸውና ሙዳይ ታወርድላቸው ጀመር።